የአልጌ ዕድገት ሙከራና ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት 201ኛ የሙከራ መመሪያ፣ አንድ ኬሚካል ጨዋማ ባልሆነ ውኃ የሚኖሩ አልጌዎችን ዕድገት ምን ያህል እንደሚገታ በ72 ሰዓት ይለካል። ፈጣን መሆኑ አያከራክርም። ነቀፋችን እ.ኤ.አ. በ2006 የተሻሻለውም እትም የአልጌውን ዓይነት ምርጫ ለፈታኙ መተዉ ላይ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፊሉ ሳይለወጥ በሽንት ወጥቶ ወደ ፍሳሽ ይገባል። ሳያኖባክቴሪያ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ይባል እንጂ ባክቴሪያ ነውና በጥቂት መጠን ይጎዳል፤ እውነተኛው አረንጓዴ አልጌ ግን እጅግ የበዛውን ይቋቋማል። በኋለኛው ብቻ የተፈተነ መድኃኒት ጉዳት የለሽ መስሎ ያልፋል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በዚያው ዓመት ለፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒቶች ሳያኖባክቴሪያን መምረጡ ተገቢ ነበር። ሌላም አለ፦ ሙከራው ብርሃን ይሻል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ በብርሃን ይፈርሳል። ስለዚህ ዘገባውን የሚመረምር ባለሙያ፣ በሙከራው ማብቂያ ላይ የተለካውን የመድኃኒት መጠን አስቀድሞ ይፈልግ።