ደህና የሚመስል ዓይን፦ በፎገራ ሜዳ የግላኮማ ልየታ

ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያደርቅ በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ እንባ አያስፈስስም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከእይታ ዳርቻ ስለሆነ ፊት ለፊት አጥርቶ የሚያይ ሰው ለዓመታት አይነቃም፤ የአንዱ ዓይን ጉድለትም በሌላው ይሸፈናል። አንዴ የጠፋው እይታ ደግሞ በጠብታም ሆነ በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ታካሚው «ዓይኔን አመመኝ» ብሎ እስኪመጣ የሚጠብቅ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ነርቩ ያለቀ ዓይን ነው። በሽታውን በጊዜ ለማግኘት ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለሳል ወይም ለወገብ ሕመም ጤና ጣቢያ የመጣውንና ዓይኑ ደህና እንደሆነ የሚያምነውን ጎልማሳ መመርመር ያስፈልጋል።

ከወረታ እስከ ይፋግ በተዘረጋው የፎገራና የሊቦ ከምከም አገር የዓይን ሕክምና ሲባል ለረጅም ጊዜ በሰው ልብ የነበረው ትራኮማ ነው። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ በዓለም እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ነርሶች የተቀለበሰ የዓይን ቆብ እንዲያቀኑ ሠለጠኑ፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒትም በዘመቻ ታደለ። ይህ ሥራ ብዙ ዓይን አትርፏል፤ ገና የሚቀረውም አለ። ይሁን እንጂ የባለሙያው እጅና ዓይን በውጭ የሚታየውን ብቻ መፈለግን ለመደ፦ ቆቡን መገልበጥ፣ ፀጉሩን ማየት፣ ነጭ ሞራ መኖሩን ማረጋገጥ። ግላኮማ ከብሌኑ ጀርባ ተቀምጦ ይታለፋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ውስጥ 49.9 በመቶው በሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ባመጣው ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ የመጣ ነበር። የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ መስሎ ቢታይም ሁለት ነገር መታሰብ አለበት። አንደኛ፣ ሞራና ትራኮማ ያሳወሩት ዓይን የመዳን ወይም አስቀድሞ የመጠበቅ ዕድል ሲኖረው ግላኮማ ያጠፋው ለዘለቄታው ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይናቸውን አጥተው በሌላው እያዩ ወደዚያው የሚጓዙት ሰዎች በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተቆጠሩም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ዓለም አቀፍ ስሌት በአፍሪካ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 ከሆኑ 100 ሰዎች ውስጥ 4 ያህሉ ዋነኛው የግላኮማ ዓይነት እንዳለባቸው ገምቷል።

በዓይን የፊተኛ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ዘወትር ይመነጫል፣ ዘወትርም በጠርዙ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል። መግቢያው ሳይቀንስ መውጫ ቦዩ በደለል የተደፈነ የሩዝ ማሳ እንደሚሞላ ሁሉ መውጫው የጠበበ ዓይንም ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ የሚያርፈው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች ተሰብስበው ከዓይን በሚወጡበት ስስ ቦታ ላይ ነው። በክንድ ላይ የሚለካው የደም ግፊት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ የደም ግፊቱ ደህና የሆነ ሰው የዓይኑም ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ልየታ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዓይን ግፊትን ለክቶ በአንድ ቁጥር መፍረድ ይበቃል ብሎ ሲያስብ ነው። ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያለው ልኬት እንደ ደህና ይቆጠራል። ሆኖም ግላኮማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ልኬት ከ21 በታች ሊገኙ ይችላሉ፤ ግፊቱ በቀኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በዝቅተኛ ግፊት የሚጎዳ ነርቭም አለ። በሌላ በኩል ከ21 በላይ ሆኖ ነርቩ ምንም ያልሆነ ብዙ ሰው አለ። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ 1000 ሰዎች ተለኩ እንበል፤ 40ዎቹ በሽታው አለባቸው። በዚህ ቁጥር ብቻ ከተለዩ 20ዎቹ ይገኛሉ፣ 20ዎቹ «ደህና ነህ» ተብለው ይሸኛሉ፤ ከጤነኞቹ 960 ውስጥ ደግሞ ከ10 አንዱ በስሕተት ቢመዘገብ 96 ሰው ያለ በሽታው ሪፈር ይጻፍለታል። ከወረታ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጎንደር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የትራንስፖርቱን ወጪና የሚታለፈውን የእርሻ ቀን የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት ልየታ በጎ ሥራ ሊለው አይችልም። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች ሁሉ ለመለየት የጥቅሙና የጉዳቱ ማስረጃ አይበቃም ብሏል። ከዚህ መወሰድ ያለበት ግን ልየታን መተው አይደለም፤ ማንን እንደሚመረምሩ መምረጥና ከአንድ መለኪያ በላይ ማየት ነው።

መምረጫው ጥያቄ ነው፤ ወጪ የለውም፤ ዋጋው ግን ከማንኛውም መሣሪያ አያንስም። «አባቴ፣ ከእናት ከአባትዎ፣ ከወንድም ከእህትዎ መካከል ሳያመው ዓይኑ ቀስ እያለ የጠፋ ሰው አለ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። «ግላኮማ ያለበት ዘመድ አለዎት?» ቢባል መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው፤ በሽታው ተጠርቶ አያውቅምና። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት የታማሚዎች የቅርብ ዘመዶች በሕይወት ዘመናቸው በግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው 22 በመቶ ሲሆን በሌሎቹ ዘንድ 2.3 በመቶ መሆኑን አግኝቷል። ቀጥሎ ዕድሜ ይጠየቃል፤ ከዚያ የቆየ የዓይን ምት። በመኸር አቧራና ገለባ ዓይኑ የሚያሳክከው ሰው ከመድኃኒት ቤት የገዛውን የዴክሳሜታዞን ጠብታ ሳያቋርጥ ለወራት መጨመሩም በግድ መጠየቅ አለበት። ይህ ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ልጆችንም አይምርም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጡ ቢቆም ብዙ ዓይን ይተርፋል።

ከጥያቄው በኋላ ባትሪ ይያዛል። ክፍሉ ይጨልማል፤ ታካሚው ራቅ ያለ ግድግዳ እያየ ብርሃኑ ለ2 ወይም 3 ሴኮንድ በአንዱ ዓይን ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ሳይዘገይ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሁለቱም ብሌኖች እኩል ጠብበው መቆየት አለባቸው። ብርሃኑ ሲመጣበት በመጥበብ ፈንታ የሚሰፋ ብሌን ካለ የዚያ ዓይን ነርቭ ከሌላው የባሰ ተጎድቷል። ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ብሌኑ ስለማይለይ ሁለተኛ ደብዛዛ ብርሃን ከጎን ማብራት ይረዳል። የዚህ ምርመራ ድክመት ሁለቱም ዓይኖች እኩል ሲጎዱ ልዩነት አለማሳየቱ ነው።

የሙያው ልብ ግን የነርቩን ራስ ማየት ነው። ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ኦፍታልሞስኮፕን፣ ለዓለም ካስተዋወቀ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በፀሐይ ብርሃን የሚሞሉ፣ ኪስ የሚገቡ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ። መርማሪው የታካሚውን ቀኝ ዓይን በራሱ ቀኝ ዓይን፣ ግራውን በግራው ያያል። ከአንድ ክንድ ርቀት ቀዩን ነጸብራቅ ካገኘ በኋላ ይጠጋል፤ አንድ የደም ሥር ይዞ ወደሚወፍርበት አቅጣጫ ሲከተል የነርቩ ራስ ላይ ይደርሳል። እዚያ መሐሉ ነጣ ያለ ጎድጓዳ፣ ዙሪያው ብርቱካናማ ጠርዝ ያለው ክብ ይታያል። ጀማሪ ጎድጓዳውን ይለካል፤ የለመደ ግን ጠርዙን ይመለከታል። በደህና ዓይን ጠርዙ ከታች በኩል ወፍራም ነው፤ እዚያ ላይ ከሳሳ፣ ከተሸረፈ ወይም በጠርዙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ደም ከታየ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። የጎድጓዳው ቁመት ከጠቅላላው 0.7 ሲደርስ፣ ወይም በሁለቱ ዓይኖች መካከል የ0.2 ልዩነት ሲኖር ሪፈር ይገባዋል። ይሁንና የነርቩ ራስ በተፈጥሮው ትልቅ የሆነ ሰው ጎድጓዳውም ትልቅ ነው፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን ሙሉ የሆነ ትልቅ ጎድጓዳ ደህና ሊሆን፣ ትንሽ ጎድጓዳም ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ብዙ ደህና ዓይን ካዩ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ለዓይን ያልመጡ ሰዎችን ሁሉ ማየት ለባለሙያው ራሱ ትምህርት ነው።

ግፊት የሚለካው ከዚህ በኋላ ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሺዮትዝ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቀው መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ዛሬም ያገለግላል። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ በአንገቱ የተጠመጠመ ጋቢ ወይም የጠበቀ ኮሌታ ይላላል፣ ትንፋሹንም እንዳይይዝ ይነገረዋል፤ ሁለቱም ልኬቱን ከፍ ያደርጋሉ። ማደንዘዣ ጠብታ ከተደረገ በኋላ ራሱ ከፍ አድርጎ የያዘውን አውራ ጣቱን ያያል። ቆቦቹ የሚከፈቱት ጣት አጥንቱ ላይ ተደግፎ ነው፤ የዓይኑን ኳስ የሚጫን እጅ የራሱን ግፊት ይለካል። በ5.5 ግራም ክብደት መርፌው 5 ላይ ሲቆም ግፊቱ 17 ያህል፣ 3 ላይ ሲቆም 24 ያህል ነው፤ መርፌው ባነሰ ቁጥር ግፊቱ ይበልጣል። የመሣሪያው እግር በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ሳይደርቅ ዓይን ላይ ከዋለ ኮርኒያን ያቃጥላል። ትራኮማ ጠባሳ ባስቀረበት ኮርኒያ ላይ የተገኘ ቁጥር አይታመንም፤ «ጠባሳ አለ» ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው፣ በብሌኑ ጠርዝና በሌንሱ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ የሚታይበት ሁኔታ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ይጀምራል፣ ግፊቱን እጅግ ከፍ ያደርጋል፣ ነርቩንም ቶሎ ይጨርሳል። ሌላው ሞራ እስኪበስል መጠበቅ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ማየት ሲያቅታቸው «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይነሣልኛል» ብለው ይቀመጣሉ። ዓይኑ ደብዝዞ ብሌኑ ግን ጥቁርና ጥርት ያለ ከሆነ ጥፋተኛው ሞራ አይደለም፤ መጠበቅም ያሳውራል።

የሪፈር ወረቀት «የዓይን ችግር» ተብሎ ከተጻፈ ታካሚው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሲደርስ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። የእያንዳንዱ ዓይን የማየት መጠን፣ የብሌኖቹ ሁኔታ፣ የነርቩ ራስ መልክ፣ ግፊቱ ከሰዓቱና ከመሣሪያው ስም ጋር፣ የቤተሰብ ታሪክ መጻፍ አለባቸው። ለታካሚው የሚነገረውም ያው ከባድ ነው፦ ጠብታው እይታ አይጨምርም፣ የቀረውን ያቆያል፤ ዕድሜ ልክ ነው። ይህ በግልጽ ካልተነገረው «አላሻለኝም» ብሎ ይተወዋል። ጸበል የሚጠመቅም ጠብታውን ይዞ እንዲጠመቅ ይመከራል። ቲሞሎል የተባለው ጠብታ ከመታዘዙ በፊት አስም መኖሩና የልብ ምት መቀነሱ ይጣራል። በየወሩ መግዛት ለማይችል ሰው ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሌዘርም ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የታንዛኒያ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘር በ61 በመቶ፣ ቲሞሎል በ31 በመቶ ዓይኖች ላይ እንደተሳካ አሳይቷል።

አንድ ታማሚ ሲገኝ ከሁሉ የሚበልጠው ቀጣይ ሥራ ወንድምና እህቶቹን ማስጠራት ነው። ፎገራ እ.ኤ.አ. በ2011 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ ልጆችን ከመዝገቡ ማግኘት ይቻላል። ወንድምና እህት ግን በሌላ ቤት፣ ምናልባትም በሌላ ቀበሌ ስለሚኖሩ ስማቸው ከታማሚው አፍ ተጠይቆ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መተላለፍ አለበት። ዕድሜያቸው 40 የደረሱ ሁሉ ይጠራሉ። ነርቩ ደህና የተባለም «ዛሬ ምልክት አልተገኘም» ይባላል፤ የነርቩ መልክ ካርዱ ላይ ተስሎ ይቀመጣል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው የሚያነጻጽረው ያንን ነውና።