ስለ «አኖድ» እና «ካቶድ» አፈታት

በሙያ ቃላት ዝርዝሮች ውስጥ «አኖድ»ን «አዎንታዊ ዋልታ»፣ «ካቶድ»ን «አሉታዊ ዋልታ» ብሎ መፍታት ተደጋግሞ ይታያል። ፍቺው አጭርና ለማስታወስ ቀላል ቢሆንም ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

የቀለጠ ጨው በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሶዲየምና ክሎሪን በሚለያይበት ሴል አኖዱ በእርግጥ አዎንታዊ ነው። በተለመደው የባትሪ ድንጋይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤሌክትሮን የሚለቀው የዚንክ ቆርቆሮ አኖድ ሲሆን ዋልታው አሉታዊ ነው። የመኪና ባትሪማ ፍቺውን ጨርሶ ያፈርሰዋል፤ አሉታዊው የእርሳስ ሰሌዳ ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አኖድ፣ ሲሞላ ካቶድ ይሆናል፤ አሉታዊነቱ ግን አይለወጥም።

ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1834 ያስተዋወቃቸው እነዚህ ቃላት በግሪክኛ ሥራቸው «የመውጫ መንገድ» እና «የመውረጃ መንገድ» ማለት ናቸው፤ ስለ አዎንታና አሉታ የሚናገሩት የለም። በነባሩ ፍቺ ተማምኖ የባትሪ ድንጋዩን ዚንክ አዎንታዊ ነው የሚል ተማሪ ቢገኝ ስሕተቱ የተማሪው ሳይሆን የፈቺው ነው።

ስለዚህ ፍቺው ከዋልታው ምልክት ተላቆ በሚፈጸመው ተግባር ላይ ቢመሠረት ይበጃል፤ ይኸውም፦

አኖድ፦ በሴል ውስጥ ኦክሲዴሽን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የማጣት ሂደት፣ የሚካሄድበት ኤሌክትሮድ።

ካቶድ፦ በሴል ውስጥ ሪዳክሽን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የመቀበል ሂደት፣ የሚካሄድበት ኤሌክትሮድ።