ከጣሪያው በፊት ማድ ቤቱ

ሶላር ማስገባት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ጣሪያውን ነው። እኔ ግን ማድ ቤቱን አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይስ ሞልታለች፤ የቤቱን እቅድ የሚወስነው ምጣዱ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ፍሪጁ በቀን 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 360 ዋት ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ 320፣ ሌት ተቀን የማይጠፋው ዋይፋይ 240፣ ስልክና ላፕቶፕ 200። ሲደመር 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ምጣዱ ግን ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ የቤቱን የቀን ፍጆታ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ 5.1 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም 4.1 ይደርሰናል። ይህ ባትሪ ምጣድ ያልተሰካበትን ቤት ቀን ተኩል ያህል ያቆያል፤ ምጣድ ከተሰካበት ግን በአንድ ሰዓት አካባቢ ይሟጠጣል።

ስለዚህ «እማማ፣ እንጀራ የሚጋገረው መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «መብራት ሲኖር ነዋ ልጄ!» ይሉኛል። መልሳቸው ብዙ ገንዘብ ያድናል። ጋገራው ቀድሞውንም ከመብራቱ ጋር ተስማምቷል፤ ያንን ለመቀየር ሲባል ሦስት ባትሪ መደርደር አያስፈልግም። ምጣዱ እዚያው በቆጣሪው መስመር ላይ ይቆያል።

ገንዘቡን የሚልከው ልጅ ብዙ ጊዜ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ነው። በስልክ «ሙሉ ቤቱን የሚችል ይሁን፣ እናቴ ጨለማ እንዳታይ» ይለኛል። ጭንቀቱ ይገባኛል። እሱ በጎረቤቶቹ ጣሪያ ላይ የሚያየው ሶላር ግን በአብዛኛው የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ የተተከለ ነው። ባትሪ የሌለውና ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ኢንቨርተር፣ ምሰሶ ላይ ያሉ ሠራተኞችን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ሲባል፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያንን ገዝቶ ቢልክላቸው እናቱ ከነሶላራቸው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ የአሜሪካው መስመር 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50።

ፓኔል የምቆጥረው በነሐሴ ልክ ነው። በጥር የቀኑን ብርሃን 6 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ብዬ ካሰብኩ፣ የሚባክነውን ሩቡን ቀንሼም አንድ ባለ 450 ዋት ፓኔል ለዚህ ቤት ሊበቃ ምንም አይቀረው። ለነሐሴ የምይዘው ግን 3.5 ነው፤ ያኔ ሁለት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ብዙ ጊዜ ሰማዩ የሚጠቁረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ የቀኑ ገቢ በአብዛኛው የጠዋቱ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል የቆመ ሮቶ ወይም የጎረቤት ባሕር ዛፍ ካለ ጥላው የት ድረስ እንደሚወድቅ በጠዋት ወጥቼ አያለሁ። ስለ ማዘንበሉ ብዙ አልጨነቅም። ከተማችን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በበጋ በደቡብ፣ በክረምት በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል። ማሰሪያው ቆርቆሮውን አልፎ ሞራሌው ላይ መጥበቅ አለበት።

ጊዜዬን የሚበላው የውስጡ ገመድ ነው። በድሮ ቤቶች ላይ ክፍል በተጨመረ ቁጥር መስመር ከተገኘበት ሶኬት ይቀጠላል፤ የሰርቪሱ ምድጃ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ብሬከር ሥር ሆኖ ይገኛል። አንድ በአንድ እያጠፋሁ እለያቸዋለሁ። ከባትሪው የሚመገቡት መብራቶችና ሶኬቶች የራሳቸው ሳጥን፣ የራሳቸው ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት መስመር ይኖራቸዋል። ከዚያም የትኛው ሶኬት ከባትሪው እንደሆነ፣ ምድጃና ካውያ የት እንደሚሰካ፣ ቤቱን ከሚያዝዙት ይልቅ ማድ ቤት ለምትውለው ልጅ ነው ደጋግሜ የማሳየው። ሶኬቱን በየቀኑ የምትነካው እሷ ናት።