የእንዶድ አረፋ

ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ ያየ ሰው አረፋውን አይረሳውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሌላም ነገር አዩ፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች። የገደላቸው የእንዶዱ አረፋ ነበር፤ በሽታ አምጪው የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ አድጎ ሰው ላይ መድረስ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው የአንድ ሙያ ሥራ አልነበረም። የጥገኛ ተውሳክ አጥኚው የትሉን ጉዞ ያውቃል፤ ኬሚስቱ ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ገዳዩን ሳፖኒን ይለያል፤ የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን ዝርያ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ዶክተሮች የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ይገባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የሙያ አጋሮቻቸው ግን እንዶድ ወቅጠው ወንዝ የወረዱት እናቶች ናቸው።