ሳያዩ መፍረድ

ላፍቶ እህቴ ቤት ቡና ላይ ነን። «ዶክተር ሁ»ን በፍላሽ እየገለበጠ የሚያየው ልጇ፣ «ጋሼ፣ አዲሱ ተዋናይ ድራማውን ገደለው!» አለኝ። እ.ኤ.አ. 2022 ነው፤ ኪጋሊ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋ መመረጡ ገና መሰማቱ ነበር።

«አየኸው?»

«ገና አልጀመረም እኮ።»

ጉድ በሉ! በ1963 የተጀመረው ይህ የእንግሊዞች ድራማ ዕድሜ ያገኘው በመለወጥ ነው። በ1966 የዊሊያም ሃርትኔል ጤና ሲታወክ፣ ዶክተሩን በሌላ ሰው መልክ አስነሡት። የተዋናይ መለወጥ የታሪኩ አጥንት ነው፤ እሱን የጠላ ድራማውን ጠላ።

ለነገሩ እኔስ? የለመድኩት ተዋናይ ተተካ ብዬ አንዴ ቲያትር ጥዬ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቼን «መጀመሪያ አንብቡ» ስል የኖርኩ ሰውዬ! ተተኪው እንዴት እንደተጫወተ እስከዛሬ አላውቅም፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።