እግሩን አሳዩኝ

ሰርጉ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፍኖተ ሰላም፣ ሙሽሮቹ ቤት ቡና ተፈልቶ አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የተነሱት ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። «ውይ ሲያምር! ውጭ አገር እኮ ነው የሚመስለው» አለች አንዷ። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ ስኒዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ያን የመሰለ ክብ ሐይቅ፣ ያውም ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስንሄድ ከአስፋልቱ አጠገብ ያለውን፣ ውጭ አገር ያስመሰለ ሰው ይወቀሳል እንጂ ይመሰገናል? ዘንገና ዘንገናን ካልመሰለ ነዳጁ ለምን ተቃጠለ?

ፎከሱ ጠርቷል ወይ፣ የቬሎው ጥልፍ በብርሃን ብዛት ጠፍቷል ወይ፣ ውሃው አጋድሏል ወይ የሚለውን አላስተምርም። ይህን ማየት ያቃተው አልበም ሊረከብ ሌላ ሰው ይላክ። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ እግር።

ባረጀ ቦታ የተነሳ ፎቶ የሚመዘነው በእግር ነው። ፊትማ ስቱዲዮ ውስጥም ያምራል። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተላጠ ግድግዳ፣ ውሃ ያጠበው ድንጋይ የሚመረጠው ዘመን ስላለፈበት ነው። ታዲያ ሰውየው እዚያ ቦታ ቆሟል ወይስ ተለጥፎበታል? መልሱ ያለው ጫማው መሬት የሚነካበት ላይ ነው። ጫማ መሬት ሲረግጥ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነች ጥቁር ጥላ ትወጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ሰፋ ያለው ጥላ የዛፉና የግድግዳው ጥላ በወደቀበት አቅጣጫ ይሄዳል። ያቺ ክር ከሌለች ሰውየው አየር ላይ ነው።

በዚያ አልበም ከ30 በላይ ፎቶ ቆጠርኩ። እግር የታየው በሁለቱ ብቻ ነው። በአንደኛው ቬሎው እንዳይቆሽሽ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ጠርዙ አፍጥጦ ይታያል። በሁለተኛው ኤዲት ያደረገው ልጅ ሣሩን አለመልማለሁ ሲል ከሙሽራው ጫማ ሥር ያለችውን ጥላ አብሮ ጠርጓታል። ሙሽራው ከመሬት አንድ ጣት ከፍ ብሏል። ሰርግ ነው ዕርገት?

ፎቶ አንሺዎቹ ልጆች ሲጠየቁ «ቦታው አስቸገረን» ይላሉ። ቦታው ምን አደረገ? ሰዓቱን ነው ያላወቁበት። ሚያዝያ 10 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ፍኖተ ሰላም አናት ላይ ቀጥ ትላለች። ያኔ ጥላ ሁሉ ባለቤቱ ሥር ይገባል፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰርግ ደግሞ በብዛት የሚውለው እዚሁ ወር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላና ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ያረጀ ቦታ ላይ ካሜራ አይወጣም። በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ትንሽ ይቅር ይባላል። ትንሽ ብቻ።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩት ከማንኩሳ ነው። ስሙን ሰምተው እዚያ የሚወርዱ ሙሽሮች አሉ፤ ፎቶ አንሺው ግን የወረዱለትን ግድግዳ አደብዝዞ ያጠፋባቸዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ያረጀ የጭቃ ቤት አጠገብ ቁሙ። የላዩን ልስን ዝናብ አጥቦት ጭዱ ወጥቷል፤ የጎን ብርሃን ሲመታው እያንዳንዷ የጤፍ ጭድ የራሷን ጥላ ትጥላለች። ከታች ጠፈጠፉ እየረጨ ያወጣው ቀይ አፈር እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው ላይ ደርቋል። ያው ቀይ አፈር የሙሽራው ጫማ ጠርዝ ላይ ከታየ ፎቶው የዚያ ቤት ነው። ጫማው እንደ መስተዋት ካበራ ግን ሙሽራው እንግዳ ነው። ሊስትሮ የሚጠራው ከፎቶ በኋላ ነው፤ በፊት አይደለም!

ይህን ያስተማሩኝ የቀድሞ አሠሪዬ ጋሼ ናቸው። ፎቶ ቤታቸው ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወታደር ነበሩ። የምጽዋ የድሮ ቤት የተሠራው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ልስኑን ጨውና ወበቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገፉታል። ጋሼ ጓደኞቻቸውን እዚያ ግድግዳ ሥር እያቆሙ ሲያነሱ ሙያውን ለመዱ። ከተማዋን የየካቲት 1982ቱ ውጊያ ሳያፈራርሳት በፊት አገራቸው ገቡ፤ ባሕሩን ግን ትተውት አልመጡም። አቡጀዲ ወጥረው ሣሉት፤ ከፊቱ የተላጠ ግድግዳ፣ ከኋላው ሰማያዊ ውሃ። በገበያ ቀን ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬ ጋቢውን አስተካክሎ እዚያ ፊት ይቆም ነበር።

ካሜራቸው ያሺካ ነበር፤ በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ብቻ። ደንበኛ ሲቆም መጀመሪያ የሚያዩት ወደ ታች ነው። አቡጀዲው ከወለሉ በሚገናኝበት መስመር ላይ ከብር ወንዝ የመጣ አሸዋ ይበትናሉ። ሰውየው ጫማ ካለው እንዲያወልቅ ያደርጉታል። ጣቶቹ አሸዋው ውስጥ ሲገቡ ብቻ ቁልፉን ይጫናሉ።

አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት አንድ ሽማግሌ ከጉልበታቸው በላይ ቆርጬ አነሳሁ። ጋሼ የታጠበውን ፎቶ ከውሃ አውጥተው እያንጠባጠበ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ እኚህ ሰው በምን መጡ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የፊልሙን ዋጋ ግን ከደመወዜ ቆረጡ።

እናንተም አልበም ስትረከቡ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ከወገብ በላይ ያለውን በመዳፋችሁ ሸፍኑ። በቀረው ብቻ ቦታው የት እንደሆነ ካወቃችሁ ክፈሉ። ካላወቃችሁ የከፈላችሁት ለመጋረጃ ነው። ጋሼ ሰውን አቡጀዲ ፊት አቁመው ባሕር ዳር ያደርሱት ነበር። የዛሬዎቹ እውነተኛ ሐይቅ ዳር ወስደው አቡጀዲ ፊት ያቆሙታል።

አልበሙ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሙሽራዋ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አያምርም?»

«ያምራል። በምን ሄዳችሁ?» አልኳት።

«በሚኒባስ» አለችኝ።