ኮረብታውን ሳትወጡ ወደ ማጎ አትውረዱ!

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ስለ አንበሳ የማያውቀው የለም። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ስንት ጊዜ እንዳየው እናቱም ቆጥራ አልዘለቀችው። ግቢውን አጼ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳቋቋሙት ያውቃል። እነዚያ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች በዘራቸው ከሌሎቹ የሚለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት እንዳመለከተም ያውቃል፤ እንግዳ ቤት በመጣ ቁጥር ደግሞ ይህንኑ ያስተምራል። ስለዚህ ባለፈው የትምህርት ዕረፍት «አጥር የሌለበት አንበሳ አሳይሃለሁ» ብዬ ቃል ገባሁለት። ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ፣ ወደ ማጎ እስከሚወረድባት ከተማ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርባ ምንጭ አድረን፣ በኮንሶ በወይጦ በቀይ አፈር አድርገን ገባን። ለማግስቱ መኪና ተኮናተርኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳችንን አዝለን በር ላይ ቆምን፤ መኪናው የለም። አንድ ሰዓት ሆነ፤ የለም። ሁለት ሰዓት ላይ የሹፌሩ ስልክ ጭራሽ ተዘጋ። ልጁ አኮረፈ፤ ያውም እንባውን ውጦ የሚያኮርፈውን ዓይነት። ቡና የምታፈላልን ሴትዮ ታዝባ ኖሮ «እህቴ፣ ልጁን ሙዚየሙን አታሳዪውም? እዚያ ላይ ነው እኮ» ብላ በአገጯ ኮረብታውን አመለከተችኝ።

ሙዚየም! የልጁን ፊት ባያችሁት። እውነት ለመናገር የእኔም ከእሱ አይሻልም ነበር። አቧራ የጠጣ መስታወት፣ ደብዛዛ መብራት፣ «አትንካ» የሚል ወረቀት ነበር የታየኝ። ሌላ የምንሠራው ስላልነበረን ብቻ ወጣን።

አሁን እኔን ስሙኝ። ስንት ሙዚየም አይቻለሁ፣ ስንት የእንስሳት ማቆያ ገብቻለሁ፤ ልጅ ይዤ ገብቼ፣ ልጁ ሳይሆን እኔ «ትንሽ እንቆይ» ብዬ የለመንኩበት ቦታ ግን ይህ ብቻ ነው! የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ ነው። ከጀርባው ደግሞ እንደ ኢቮ ሽትሬከርና ባለቤታቸው ጂን ሊዳል ያሉ ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሐመር መንደር ገብተው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው የኖሩ፣ ዓለም ስለ ሐመር ከሚያውቀው ግማሹን የጻፉና በፊልም የቀረጹ ተመራማሪዎች። ከደጁ ላይ ቆማችሁ ወደታች ስታዩ ጂንካ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግታ ትታያለች። በከተማዋ መሃል የነበረው፣ ከአውሮፕላን ይልቅ ከብት የሚግጥበትና ኳስ የሚጠለዝበት፣ ያ ዝነኛ የሣር ማኮብኮቢያ የት ጋ እንደነበር ሳይቀር መገመት ይቻላል።

ውስጥ ግን ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ቀልቤን የወሰዱት እነሱ ናቸው። ማንም አልቀጠራቸውም። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ለክፍል ሥራ ማስታወሻ ሊይዙ የመጡ። አንዱ የሐመር ልጅ፣ ሌላው የኣሪ። የእህቴ ልጅ አንድ ትንሽ የእንጨት ነገር ላይ አፍጥጦ «አክስቴ፣ ይቺ ወንበር ለአሻንጉሊት ናት?» ሲለኝ የሐመሩ ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ማሙሽ፣ ጠጋ በል። ቦርኮቶ ትባላለች። ቀን ትቀመጥባታለህ፣ ማታ ትንተራሳታለህ። አባቴ ከብት ይዞ ሲወጣ ከዱላው ጋር ከእጁ አትለይም።» ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ደብተሩ ተዘጋ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተላቀቅንም።

እንስሳ ፍለጋ ለመጣ ሰው ምን አለ አትበሉኝ። ሁሉም ነገር እንስሳ ነው! የካሮ ሰዎች ገላቸው ላይ በነጭ ኖራ የሚቀቡት ነጠብጣብ ዝም ብሎ ማስጌጫ ይመስላችኋል? የጅግራ ላባ ነው፤ ጅግራን እያዩ ጅግራ ይሆናሉ። ዳሰነች ጋ ዲሚ በሚባለው ሥርዓት፣ አባት በሴት ልጁ ምክንያት ወደ ሽማግሌነት ማዕረግ ሲያልፍ፣ የነብር ቆዳ ደርቦ የሰጎን ላባ ሰክቶ ይወጣል። ሐመር ጎረምሳ ሚስት ከማግባቱ በፊት በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ይሮጣል። ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ እንደ ትርኢት። ከከብቱ፣ ከወፉ፣ ከአውሬው ጋር አያይዞ የነገረኝ ግን አንድም አልነበረም።

ዋናውን ግን ገና አልነገርኳችሁም። ቀለሙን!

ልጁ ደማቅ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሷል፤ የሎሚ ቅጠል እንኳ የማያክለው አረንጓዴ። የኣሪው ተማሪ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ይህ ካናቴራ ምን ዓይነት ላም ነው?» ሲል ጠየቀው። ልጁ ግራ ገባው። ተማሪው በክፍል ውስጥ ያነበበውን ነገረን። ዴቪድ ተርተን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሙርሲ የተመላለሰ፣ ባለ ቀለም ካርዶች ይዞ «ይህን ቀለም ምን ትሉታላችሁ?» እያለ ይጠይቃል። ሙርሲዎች የቀለም ስማቸው የከብት ቆዳ ስም ነው። ቀዩን በቀዩ በሬ፣ ግራጫውን በግራጫው ላም ይጠሩታል፤ ካርዱን የሚያዩት እንደ ቆዳ ነው። አንዳንዱ ካርድ ላይ ሲደርሱ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፦ እንዲህ ያለ ከብት የለም!

ልጁ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሰው አላወቀውም እንጂ ይህ የእኛም ነው እኮ! አያቴ ጎጃም ውስጥ በሬዎቿን ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ እያለች ስትጠራ አልሰማሁም? ቡሬ ስትል ጥቁርና ነጩ፣ ቦራ ስትል ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ፣ ዳለቻ ስትል አመዱ ዓይኔ ላይ አይመጣም ነበር? ከተማ ገብተን «ግሬይ» ማለት ስንለምድ ስንት ላም ከምላሳችን ላይ ጠፋ! የደቡብ ኦሞዎቹ ቦዲዎች ደግሞ ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እነሱ ዘንድ ገብቶ፣ የከብት ቀለምና የጥለት ስማቸውን ሲያጠና ዕድሜውን ከፈለ። ሕፃኑ ሳይቀር የትኛው ላም ከየትኛው ኮርማ ምን ዓይነት ጥጃ እንደምትወልድ የሚከራከርበት አገር ነው። ይህ የእንስሳት ሳይንስ ካልሆነ ምኑ ነው ሳይንስ?

በሌላው ክፍል ደግሞ ሴቶቹ ናቸው የሚናገሩት። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ወሊድ፣ ገላቸው ላይ ስለሚደርሰው ነገር፣ የየብሔረሰቡ ሴቶች በራሳቸው አንደበት ያሉት ተጽፎ ቆሟል። እዚያ ጋ ልጁን ወደ ውጭ ላክሁትና ብቻዬን አነበብኩ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ሄዳችሁ አንብቡት።

በማግስቱ ሌላ መኪና ተገኘና ማጎ ወረድን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመ፣ 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጎሽና ዝሆን ይጠበቅበት ተብሎ የተከለለ ነው። በጂንካ በኩል የሚወርደው የኔሪ ወንዝ ነው እዚያም ታች ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ የሚያገኛችሁ፤ ከተማውና ፓርኩ አንድ ውሃ ይጠጣሉ። ስካውታችን፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። መስኮት ክፈቱ ስንል አይሆንም አለ፤ ለካስ የቆላ ዝንቡ ነው፣ ከብት የሚገድለውን ገንዲ የሚያመጣው። ይነክሳል አይገልጸውም፤ በልብስ ላይ ይሰፋል! ተራግሜ ሳልጨርስ ስካውቱ «እህቴ፣ አትርገሚው፤ ይህ ዝንብ ባይኖር ይህ ጫካ ድሮ የከብት ግጦሽ ይሆን ነበር። ከእኔ ቀድሞ ፓርኩን የጠበቀው እሱ ነው» አለኝ። አፌን ያዝኩ።

አንበሳ አላየንም። ዝሆንም አላየንም። እንሹ አየን፤ ያቺን ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ ሚዳቋ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ባልና ሚስት ሆነው ቆመው። አምበራይሌ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ መንገዱን አቋርጦ የጅግራ መንጋ ሲሮጥ ልጁ መቀመጫው ላይ ብድግ ብሎ «ካሮ! ካሮ! አክስቴ፣ ካሮዎቹ!» ብሎ ጮኸ። ስካውቱ ዞሮ አየው። ከዚያ በኋላ የያዘውን እውቀት ሁሉ ለእኛ አፈሰሰው፤ የትኛው ዱካ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ወፍ ሲጮህ ምን እንዳለ። ለተራ ቱሪስት ይህን ሁሉ አይልም ነበር፤ ልጁ ቀድሞ እውቀቱን ስላሳየው ነው።

ሙርሲ መንደር ያየሁት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። መቼም እዚያ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መኪና ሲቆም ከበባ፣ «ፎቶ! ፎቶ!»፣ ሒሳብ፣ ከሁለቱም ወገን የሚያሳፍር ነገር። ልጁ ስልክ አላወጣም። ለአስተርጓሚያችን «በሬው ምን ዓይነት ነው በልልኝ» አለው፣ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰውዬ እያመለከተ። ተተረጎመ። ሰውዬው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ተናገረ፤ ብዙ ተናገረ፤ በእጁ ቀንዱን ሠራ፣ በጣቱ መሬት ላይ ጥለቱን ሣለ። አስተርጓሚው ራሱ መከተል አቃተው። ስለ ፎቶ ክፍያ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ይኸው ነው ሙዚየሙ የሰጠን፦ ጥያቄ! ጥያቄውን የቀሰቀሱት ደግሞ ያለ ክፍያ ያስረዱን ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው፤ ይህ ልማድ በሌላውም አገር አለ። የለንደን የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1828 ሲከፈት በሩ ለማኅበሩ ሊቃውንት ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ የገባው በ1847 ነው። ዛሬ በየአገሩ ትልልቅ የእንስሳትና የዓሣ ማሳያዎች የሚኮሩት በአውሬው ብዛት ሳይሆን፣ ቅዳሜና እሁድ እየመጡ ለልጅ በሚያስረዱ በጎ ፈቃደኞቻቸው ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ኮሌጅ የገባች ልጅ፣ አንድ ካባ ደርበው መስታወቱ ፊት ይቆማሉ። እኛም ጋ የለም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ በጥር ወር ገደማ በሐይቆቻችን ዳር የሚደረገውን የውሃ ወፍ ቆጠራ በፈቃደኛ ሰው ጉልበት ሲያስኬድ ኖሯል። ሰው ጠዋት በብርድ ተነስቶ፣ ያለ ደመወዝ፣ ዳክዬ ይቆጥራል! እኔ ግን እነዚያን ሁለት ተማሪዎች ካየሁ ወዲህ ዓይኔ ያለው ጂንካ ላይ ነው። ደቡብ ኦሞ አሥራ ስድስት ብሔረሰብ ያለበት አገር ነው ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከእነዚያ ቤቶች የወጡ ልጆች አሉት። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ኮረብታው ላይ ቢቆም፣ አንዷ የእናቷን ቅል፣ አንዱ የአባቱን በሬ እየነገረ፣ ይህን የመሰለ የልጆች ትምህርት ቤት የት ይገኛል? ስድስት ኪሎም፣ ለንደንም ይቀኑበት ነበር።

ስለዚህ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ማንም እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ ሄዳችሁ «እኛ እናስረዳ» በሉ። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ማጎ ከመጫናችሁ በፊት በእግር ኮረብታውን አስወጧቸው። ከአዲስ አበባ ልጅ ይዛችሁ የምትወርዱም፣ የሚከፈትበትን ሰዓት ከከተማው ሰው ጠይቁ፣ ዳገቱ ለሕፃን ይከብዳልና ባጃጅ ያዙ፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን ስጡት። እኛ ያገኘነው መኪናው ስለቀረብን ነው፤ እናንተ መኪናው በሰዓቱ ቢመጣም ትንሽ ይቁም በሉትና ውጡ።